የሸክላ ሠሪዋ ምራቅ

የአንባቢያን ጥያቄና የእትዬ መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። ጤና ይስጥልኝ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 26 ነው። ቤታችን እንደ ብዙ ወሎዬ ቤት ነው። አባቴ ሙስሊም ነው፣ እናቴ ደግሞ ከክርስቲያን ቤት የመጣች ናት። በዓል ሲሆን ሁለቱም ወገን እኛ ዘንድ ይሰበሰባል። በአረፋ ማግስት ቡና አፍልቼ ነበር። አቦሉ በሰላም ተጠጣ። ቶናው ላይ የጋዛ ነገር ተነሣ። የአክስቴ ልጅ «የሕፃናቱን ሬሳ እያየሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ የእስራኤል መንግሥት የሚሠራው ግፍ ነው» አለ። የእናቴ ወንድም ተቆጡ። «እስራኤልን የሚረግም የተረገመ ነው፤ አንተ ፀረ ሴማዊ ነህ» አሉት። ይኼኔ ሌላው የአጎቴ ልጅ ጣልቃ ገባ። «አይሁድ ድሮም ተንኮለኛ ዘር ነው፤ ዓለምን በስውር የሚገዛው እሱ ነው፤ ሒትለር የሚያውቀው ነገር ነበረው» አለ። ቤቱ ተደበላለቀ። በረካው ሳይጠጣ ተበተኑ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጡም። ማን ነው ልክ? ለመሆኑ ፀረ ሴማዊነት ምን እንደሆነ የሚናገር የታወቀ ፍቺ አለ ወይ?

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ። በረካ ሳይጠጣ ሰው መበተኑ ለወሎ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ያንቺን ደብዳቤ ከሌሎቹ አስቀድሜዋለሁ።

ሦስት ሰው ነው የተናገረው። የአክስትሽ ልጅ ስለ አንድ መንግሥት ሥራ ተናገረ። የአጎትሽ ልጅ ስለ አንድ ሕዝብ ደም ተናገረ። አጎትሽ ለመጀመሪያው የሰጡት «ፀረ ሴማዊ» የሚል ስም፣ አይሁድን የሚጠላ ማለት ነው፣ ለሁለተኛው የሚገባ ነበር። ስሙ የማይገባው ላይ ተወረወረና የሚገባው ሳይነካ ቀረ።

ይህን ልዩነት መጀመሪያ ያየሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ሐርቡ አጠገብ። ዘመኑ 1958 ዓ.ም ነበር። ከመንደራችን ዳር አንዲት ሸክላ ሠሪ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ባሏ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል። ጠይብ ነበር የሚሏቸው። ቀን ዕቃቸውን እንገዛለን። ማታ «ጅብ ይሆናሉ» ሲባል እንሰማለን። አንድ ገበያ ቀን እናቴ ከእሷ ጀበና ገዛች። ጀበናው ያንጠባጥብ ነበር። እናቴ ይዛላት ሄደች፤ ተጨቃጨቁ። ሴትዮዋ አብሮን የነበረውን ታናሽ ወንድሜን አየት አድርጋ «ልጅሽ አምሮበታል» አለች። በሦስተኛው ቀን ልጁ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም እንደ እሳት ነደደ።

አሮጊቶቹ ወዲያው ፈረዱ። «ዓይኗ አርፎበታል፤ በልታዋለች» አሉ። ልጁን በጭስ አጠኑት። ትኩሳቱ ያቃዠዋል፤ ሲቃዥ ደግሞ «ማን በላህ? ተናገር!» ይሉታል። የአምስት ዓመት ልጅ ምን ይላል? ሲጠራ የሰማውን ስም ጠራ። ሁለት ጎረምሶች ሄደው ሴትዮዋን እየጎተቱ አመጧት። ልጁ ላይ እንትፍ እንድትል አደረጓት። ከምራቋ በፊት እንባዋ ነበር የወረደው። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ አየሁ።

በማግስቱ ልጁ ቀለል አለው። «ምራቋ አዳነው» ተባለ። በነጋታው ትኩሳቱ ተመለሰ። «ደግማ በላችው» ተባለ። ወባ ነበር። ወባ ቀን እየዘለለ እንደሚነሣ ማን ነግሮን? ከኮምቦልቻ የመጣ ድሬሰር ክሎሮኪን ሰጠውና ዳነ። ሸክላ ሠሪዋ ግን በዚያው ሳምንት ከነቤተሰቧ መንደሩን ለቃ ወጣች። የት ገቡ ብሎ የጠየቀ የለም። ወንድሜ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። እኔም ያቺን ሴት ይቅርታ ሳልጠይቃት ይኸው 68 ዓመት ሞላኝ።

እናቴ በዚያ ሳምንት ሁለት ነገር ተናግራለች። «ጀበናዋ ያንጠባጥባል» አለች። እውነቷን ነው፣ ያንጠባጥብ ነበር። «ቡዳ ናት» አለች። ይህ ውሸት ነው። የመጀመሪያው ስለ ሥራ ነው፤ ማስረጃው ጀበናው ራሱ ነው፣ ውሃ ሞልተሽ ታይዋለሽ። ሁለተኛው ስለ ትውልዷ ነው። ማስረጃ አይጠይቅም። ምንም ብታደርግ ከሱ አታመልጥም። ልጁ ሲሻለው በምራቋ፣ ሲብሰው በዓይኗ።

አውሮፓ ውስጥ አይሁድ ላይ የወረደው ይኸው ነው፤ መጠኑ ነው የሚያስፈራው። እ.ኤ.አ. በ1348 ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ ሲዛመት «አይሁድ የውሃ ጉድጓድ መርዘዋል» ተባለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1349 ስትራስቡርግ ከተማ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ አይሁድ በእሳት ተቃጠሉ። ወረርሽኙ ገና ከተማዋ አልደረሰም ነበር። ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1903 ሩሲያ ውስጥ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የሚባል ጽሑፍ ታተመ። አይሁድ ዓለምን ለመግዛት በስውር ይዶልታሉ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1921 የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ጽሑፉ ከአንድ የቆየ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ የተገለበጠ የሐሰት ሰነድ መሆኑን አጋለጠ። የአጎትሽ ልጅ «ዓለምን በስውር የሚገዛው» ያለው የዚህ ወሬ ልጅ ነው። ምናልባት በቴሌግራም ደርሶት ይሆናል፤ ወሬው ግን ከመቶ ዓመት በላይ አርጅቷል። ናዚዎችም ይህን ወሬ ተጠቅመውበታል። 6 ሚሊዮን አይሁድ ፈጅተዋል፤ ከነዚህ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ናቸው። ሆሎኮስት የሚባለው ይህ እልቂት ነው።

ልጄ፣ «ሒትለር የሚያውቀው ነገር ነበረው» የሚል ቃል ቤትሽ ውስጥ መልስ ሳያገኝ መቅረት አልነበረበትም። ስለ ጋዛ የምናዝነው ሕፃናት ስለሞቱ ነው። ሕፃናትን በጋዝ የፈጀ ሰው ለዚህ ሐዘን ምስክር ተደርጎ አይጠራም።

ለዚህኛው ንግግር ፍቺ ማገላበጥ አያስፈልግም። ማንኛውም ፍቺ ይህን ጥላቻ ነው ይለዋል። ክርክሩ ያለው የአክስትሽ ልጅ ንግግር ዙሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ዓለም አቀፉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ኅብረት ቡካሬስት ላይ ተሰብስቦ የፀረ ሴማዊነት «የሥራ ፍቺ» የሚባለውን ተቀበለ። ብሪታንያ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ተከተለች። ዛሬ ከ40 በላይ አገሮች ተቀብለውታል። ፍቺው ራሱ ጥቂት መስመር ነው። ያከራከረው ከሥሩ የተደረደሩት 11 ምሳሌዎች ናቸው። ሰባቱ እስራኤልን ያነሣሉ። አይሁድን ሁሉ ለእስራኤል መንግሥት ሥራ በጅምላ ተጠያቂ ማድረግ ፀረ ሴማዊነት ነው ይላል። ይህን እኔም እፈርምበታለሁ። የእስራኤል መንግሥት መኖሩ ራሱ የዘረኝነት ሥራ ነው ማለት፣ ከሌላ ዲሞክራሲያዊ አገር የማይጠበቀውን ከእሷ መጠበቅ፣ የዛሬ ፖሊሲዋን ከናዚ ጋር ማነጻጸር፣ እነዚህም በምሳሌነት ገብተዋል። ብዙ ሰው የሚሟገተው እዚህ ላይ ነው። ደግሞ ይኸው ሰነድ በሌላ በማንኛውም አገር ላይ የሚሰነዘር ዓይነት ትችት በእስራኤል ላይ ቢሰነዘር ፀረ ሴማዊነት እንደማይባል ይናገራል። በሕግ አስገዳጅ እንዳልሆነም ተጽፎበታል። አጎትሽ የሚተማመኑበትን ሰነድ ቢያነቡት እንኳ የአክስትሽን ልጅ አይከሱበትም ነበር።

ደጋፊዎቹ ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። ጥላቻ ልብስ ይቀይራል ይላሉ። ትናንት «አይሁድ» ተብሎ የተሰደበው ዛሬ «ጽዮናዊ»፣ የአይሁድ አገር ይኑር ባይ፣ ተብሎ ያው ስድብ ይደገምበታል ይላሉ። እውነት አላቸው። በጋዛ ጦርነት ተናድዶ ፓሪስ ያለ ምኩራብ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ሰው መንግሥት እየተቸ አይደለም። የሸክላ ሠሪ ቤት እየደበደበ ነው።

ግን የፍቺውን አነሣስ ተመልከቺ። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የአውሮፓ ኅብረት መሥሪያ ቤት ያወጣው ጽሑፍ ነው። ዋና አርቃቂው ኬኔት ስተርን የሚባል አሜሪካዊ አይሁዳዊ ጠበቃ ነው። ያኔ የተፈለገው በየአገሩ የሚደርሰውን ጥቃት የሚመዘግቡ ሰዎች በአንድ መስፈሪያ እንዲቆጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ይኸው ሰው አሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ፍቺው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰው ንግግር መቅጫ እንዳይሆን ተከራከረ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 የተወካዮች ምክር ቤቱ ፍቺውን ትምህርት ቤቶች በሚመለከት የመድልዎ ሕግ ውስጥ ለማስገባት 320 ለ91 ድምፅ ሰጠ። ሴኔቱ ሳያጸድቀው ቀረ። ቁና እህል መስፈሪያ ነው። ቁናውን አንሥተሽ ሰው ከመታሽበት ገበያውም ይበተናል፣ ቁናውም ይሰበራል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ወደ 200 የሚጠጉ ምሁራን የኢየሩሳሌም መግለጫ የሚባለውን አወጡ። ብዙዎቹ የአይሁድ ታሪክና የሆሎኮስት አጥኚዎች ናቸው። የእነሱ ፍቺ ባጭሩ ይህ ነው፤ አይሁድን አይሁድ በመሆናቸው ማግለል፣ መጥላት፣ ማጥቃት። 15 መመሪያዎች አሉት። በማስረጃ የተደገፈ ትችት፣ የእስራኤልን ዕቃ አልገዛም ማለት፣ ፍልስጤማውያን ሙሉ መብታቸው ይከበር ማለት በራሱ ፀረ ሴማዊነት አይደለም ይላል። ትችቱ ቢበዛና ቢመርም። በሌላ በኩል አንድን ሰው አይሁድ ስለሆነ ብቻ «እስራኤልን አውግዝ» ማለት ፀረ ሴማዊነት ነው ይላል። ይህች ነጥብ ልቤ ውስጥ ገብታለች። ሩቅ አገር ያለ ታጣቂ ግፍ በሠራ ቁጥር የሰፈራችን ሙስሊም ጎረቤት «እስቲ አውግዝ» ሲባል አይቻለሁ። ሱቁን ከፍቶ ስኳር የሚመዝን ሰው ነው። ምን አገናኘው?

የትኛውን ትመርጫለሽ ብትይኝ የኢየሩሳሌሙን ነው። ምን ተደረገ፣ ማን ላይ፣ ስለምን ብሎ ይጠይቃል። የወሎ ሰው ይህ ሊገባው ይገባል። በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ አዘዙ። የአያቴ እናት ቀን በክርስትና ስሟ እየተጠራች ሌሊት ትሰግድ እንደነበር ቤታችን ውስጥ ሲወራ ነው ያደግሁት። እኔ ዛሬ «ያ ትእዛዝ ግፍ ነበር» ብል ክርስቲያን ጠላሁ ማለት ነው? ራሴ የተጠመቅሁ ሰው ነኝ። የንጉሥን ሥራ ነው የነቀፍኩት።

አንድ ነገር ግን አጎትሽን ሳልረዳላቸው አላልፍም። ዕድሜዋን ሙሉ ቡዳ ስትባል የኖረች ሴት «ጀበናሽ ያንጠባጥባል» ስትባል ቡዳ የተባለች ይመስላታል። አትዋሽም። በዚያ የጀመረ ሰው በዚህ ሲጨርስ ስንቴ አይታለች! ያንቺም ቤት እኮ ያው ነው የሆነው። ከአክስትሽ ልጅ አፍ ተነሥቶ የአጎትሽ ልጅ ጋ ሲደርስ ሒትለር ተጠራ፤ መሐሉ ደቂቃም አልሆነ። ስለዚህ የሚተች ሰው ከጎኑ ማን እንደቆመ ዞር ብሎ ይይ። የአክስትሽ ልጅ ያኔ «እኔ እንዲህ አላልኩም፤ ይህን አልቀበልም» ቢል ኖሮ አጎትሽ ምናልባት አይሄዱም ነበር።

የጀበናው ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይቆማል። ያቺ ሴት ከጭቃና ከእሳት በቀር አቅም አልነበራትም። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አለው። ጋዛ ውስጥ የሞተ ሕፃንም የሚያንጠባጥብ ጀበና አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ቀን 2023 ሐማስ ወደ 1,200 የሚጠጋ ሰው ገደለ፣ 251 ሰው አግቶ ወሰደ። ከዚያ በተከተለው ጦርነት ጋዛ ውስጥ ያለቀው ሰው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ሴትና ሕፃኑ ብዙ ነው። ይህን አይቶ «ግፍ ነው» ያለን ልጅ በስም አፉን መዝጋት በደል ነው።

ደግሞ የእኛው ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። እዚህ ሳሉ ብዙዎቹ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ቡዳ ስንላቸው የኖርነው እነሱን ነው። እዚያ ሄደው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በስውር ሲደፋ እንደኖረ በጋዜጣ ወጣ። በሺዎች ሆነው ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 በፖሊስ ድብደባና ግድያ ተቆጥተው እንደገና መንገድ ዘጉ። የእስራኤልን መንግሥት በአደባባይ ዘረኛ አሉት። እነሱን ማን ፀረ ሴማዊ ይላቸዋል?

እንግዲህ አንቺ ተነሺና አጎትሽ ቤት ሂጂ። ታላቅ ናቸው፤ ግማሽ ኪሎ ቡናና ስኳር ያዢላቸው። «ልጁ የተናገረው ስለ መንግሥት ነው፤ ሕዝቡን አልነካም» በያቸው። የዚያኛው ልጅ ንግግር አንቺንም እንዳሳመመሽ ንገሪያቸው፤ እሱን መስማት ነው የሚፈልጉት። የአጎትሽን ልጅ ለብቻው አግኚው፣ ሰው ፊት አታዋርጂው። «ጠይብ ማታ ጅብ ይሆናል ትላለህ?» ብለሽ ጠይቂው። አይልም። ያኔ ስለ ስትራስቡርግ ንገሪው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ደሴ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ግዕዝም፣ አማርኛም፣ ዓረብኛም ሴማዊ ቋንቋ ነው ተብለን ተምረናል። እንዲያ ከሆነ እኔም ሴማዊ ነኝ፣ ፍልስጤማዊውም ሴማዊ ነው። ፀረ ሴማዊነት እንዴት ለአይሁድ ብቻ ይሆናል?

መልስ፦ የተማርከው ልክ ነው። «ሴማዊ» የቋንቋ ቤተሰብ ስም ነው፤ ከኖኅ ልጅ ከሴም ተወስዶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን አገር የወጣ። ግን እ.ኤ.አ. በ1879 ቪልሄልም ማር የሚባል ጀርመናዊ ጸሐፊ የፀረ ሴማውያን ማኅበር አቋቋመ፤ ቃሉን ያስፋፋውም እሱ ነው። ለአማርኛም ለዓረብኛም ግድ አልነበረውም። ጠላቴ ያለው ጎረቤቱን የጀርመን አይሁዳዊ ነው። ለጥላቻው ሳይንስ የሚመስል ስም አገኘለት። ቃሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ትርጉም ይዞ ቀረ።

ቃልን በሥሩ ብቻ ከፈታን እንሳሳታለን። «ባለቤቴ» የሚል ሰው ስለ ሚስቱ ነው የሚያወራው፤ በተከራየው ክፍል ውስጥ ቢኖርም። ስለዚህ «ዓረብ ራሱ ሴማዊ ስለሆነ ፀረ ሴማዊ ሊሆን አይችልም» የሚለው ክርክር አያስኬድም። ፍልስጤማዊን በዘሩ መጥላት በራሱ ስም ሊወገዝ የሚገባው ግፍ ነው፤ የሌላውን ስም መንጠቅ አያስፈልገውም። እኔ እንዲህ ያለ ግራ መጋባት እንዳይመጣ በአማርኛ «ፀረ አይሁድነት» ማለት እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ላሊበላ የማገለግል ዲያቆን ነኝ። ዮርዳኖስ የሚባለውን ወንዛችንን በየቀኑ አልፈዋለሁ፤ በዳዊቱ ውስጥ እስራኤልን በየቀኑ አነሣለሁ። የዛሬውን የእስራኤል መንግሥት መንቀፍ ቃሉን መንቀፍ አይሆንብኝም?

መልስ፦ ዲያቆን፣ ይህንን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ናታን ዳዊት ፊት ቆሞ «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ሊወርስ ሲወርድ ኤልያስ እዚያው ቦታው ላይ አገኘው። እነዚህ እስራኤልን የጠሉ ሰዎች አልነበሩም። ደግሞ የዛሬው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተ፣ በምርጫ የሚወጣና የሚወርድ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የገዛ ዜጎቹ የፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ልትቀንስ ነው ብለው ለወራት በየሳምንቱ አደባባይ ወጥተውበታል።

አሞጽን አስታውስ። የቴቁሔ እረኛ ነበር። ቤቴል መጥቶ ስለ ድሆች ሲናገር ካህኑ አሜስያስ ለንጉሡ ከሰሰው፤ «ወደ ይሁዳ ሽሽ፣ እንጀራህን እዚያ ብላ» አለው። ምዕራፍ 7ን ከቁጥር 10 ጀምረህ አንብብና የአሞጽን መልስ ስታይ የተሰማህን ጻፍልኝ።